ድምፅ የሌለው ጅራፍ

ሽማግሌውን ለባልንጀራዬ አሳልፌ የሰጠሁት በጥርስ ሕመም ነው። ሰው ርስቱን በሙግት ያጣል፣ ሚስቱን በወሬ ያጣል፤ እኔ ደንበኛዬን ያጣሁት በአንዲት መንጋጋ ነው። ያን ሰኞ ጉንጬ ከማበጡ የተነሳ በመስኮት ለሚያየኝ ታክሲዋ ሁለት ሾፌር ያላት ትመስል ነበር። ስለዚህ ባልንጀራዬን ጠራሁትና፣

«እባክህ ዛሬ ብቻ እኚህን ሰው ቫን ናይስ አድርስልኝ» አልኩት። «መናፈሻ ውስጥ ኩሬ አለ። እዚያ ታወርዳቸዋለህ፣ ትጠብቃቸዋለህ፣ ትመልሳቸዋለህ።»

«ኩሬው ምን አለው?»

«ምንም የለውም። ዓሣ እንኳ የለውም። ሰውዬው ዓሣ በሌለበት ዓሣ የሚያጠምዱ ናቸው። አንተ ወንበርህን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገህ መተኛት ነው።»

«ዛሬ ብቻ» ማለቴን እሱም ሰምቷል፣ እግዜርም ሰምቷል።

ባልንጀራዬ አብሮ አደጌ ነው። ጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ አደግን፣ ካርቱም አንድ ፍራሽ ላይ ተኛን፣ ሎስ አንጀለስ ደግሞ የአንድ ኩባንያ ታክሲ እንነዳለን። እሱ ካልቨር ሲቲ ይኖራል። እኔ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከእትዬ ምግብ ቤት በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼአለሁ። ያኔ ሰፈሩ በአገራችን ስም መጠራት አልጀመረም፤ ከእትዬ ወጥ ቤት በቀር በአማርኛ የሚሳደብ ሰው የሚገኝበት ቦታ አልነበረም። ባልንጀራዬ ዝምተኛ ነው። እኔ አንድ ነገር አውርቼ ስጨርስ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን፣ «እውነት ነው?» ይለዋል። እሱም ፈገግ ይላል። በዚያች ፈገግታ ስንት ድንቅ ታሪክ እንዳበላሸብኝ አልነግራችሁም።

ሽማግሌው ስኮትላንድ ተወልደው፣ ካልቨር ሲቲ ፊልም በሚሠራባቸው ግቢዎች የውሸት ቤት ሲያቆሙ ያረጁ አናጢ ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ መኪና አይነዱም። ሰኞ ሰኞ ከፌርፋክስ ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጃፍ አነሳቸዋለሁ። ሦስት ቦታ የሚፈታ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በጨርቅ ከረጢት ይዘው ይወጣሉ። ያ ዘንግ ሲገጣጠም ከመብራት እንጨት ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥ ነው። በአንድ እጅ አይቻልም፤ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። አንድ ጊዜ ጋሼ ብዬ ጠርቼ ትርጉሙን ብነግራቸው በጣም ስለወደዱት ከዚያ በኋላ ስማቸው ጋሼ ሆነ።

የሚያጠምዱት ዓሣ ሳልሞን ይባላል። ከትልቁ ባሕር ወደ ተወለደበት ወንዝ ሲመለስ ምግብ አይቀምስም አሉ። ይጾማል፤ ያውም እንደኛ ዓሣ ይበላል አይበላም እየተባለ የሚከራከሩበትን ጾም አይደለም፤ እውነተኛውን ነው። የማይበላን ዓሣ በምግብ ማታለል አይቻልማ! ስለዚህ ከላባና ከክር የተሠራ የውሸት ዝንብ መንጠቆ ላይ አስረው በፊቱ ያሳልፉበታል። ወይ ተናዶ ወይ የድሮው ትዝ ብሎት ይነክሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይነክስም። ወንዙ ሰፊ ስለሆነ ዝንቡን እዚያ ማዶ ለማድረስ ያ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ቫን ናይስ የሚመላለሱት ለዚህ ነው፤ በዓመት አንዴ አገራቸው ወንዝ ዳር እስኪቆሙ ድረስ እጃቸው እንዳይረሳ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ።

ባልንጀራዬ ግን በዚያች «ዛሬ ብቻ» በተባለች ቀን አልተኛም። ከመኪናው ወርዶ ኩሬው ዳር ሄዶ ቆመ። ጠየቃቸው። እሳቸውም ዘንጉን አስያዙት። በሚቀጥለው ሰኞ ጉንጬ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ጺሜን ተላጭቼ፣ ልወጣ ስል ስልክ ተደወለ።

«ጥርስህ እንዴት ነው?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ድኗል ጋሼ! እየመጣሁ ነው።»

«እረፍ፣ እረፍ። ያ ዝምተኛው ጓደኛህ ይምጣ።»

ያቺን «እረፍ» እስካሁን አልረሳኋትም። ጥርሴ ሲድን ልቤ ማበጥ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ባልንጀራዬን ማየት ሥቃይ ሆነብኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ እትዬ ዘንድ አብረን ምሳ ስንበላ እጁን አያለሁ። መዳፉ ላይ ትንሽ እባጭ አውጥቷል፤ ባጎረሰኝ ቁጥር እባጩ ከንፈሬን ይነካኛል። አካሄዱ ሳይቀር ተለወጠ፤ ረጋ ብሎ፣ ትከሻውን ዘና አድርጎ፣ ሁለተኛ ቤት እንደሠራ ሰው ይራመዳል። እትዬ እንኳ፣ «ምነው አማረብህ?» ብለው ለእሱ ከነመቅኔው አጥንት ሲያወጡለት፣ ለእኔ ሽሮ ደፉልኝ። ሽሮ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ግን ነገሩ እሱ አይደለም።

ሦስተኛው ሰኞ ላይ አልቻልኩም። ከሥራ ቀረሁና ባልንጀራዬ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። የገዛ ደንበኛዬን ለማየት ተሳፋሪ ሆንኩ! ኩሬው ዳር ስንደርስ ሽማግሌው ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ባልንጀራዬ ሲወረውር ያያሉ። እኔ ባልንጀራዬን አላይም፤ እሳቸው እሱን ሲያዩት አያለሁ። አባቴ እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ደህና፣ አባቴን ደግሞ በዚያ ዓይን የሚያሳይ ነገር አልሠራሁለትም።

«ለመስከረም ወደ ወንዜ ልሄድ ነው» አሉ ሽማግሌው በድንገት። «ሐኪሙ ብቻህን ውኃ ውስጥ እንዳትቆም ብሎኛል። ወንዙ ላይ ለእኔና ለአንድ ሰው ሁለት ዘንግ ይፈቀድልኛል። አስታማሚ አልፈልግም። ክንዴን ይዞኝ የሚገባ፣ ራሱም የሚያጠምድ ሰው ነው የምፈልገው። የመሳፈሪያው በእኔ ነው።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት ማንን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አልኩ።

«አንተማ ትተኛለህ።»

«መጀመሪያ እዚህ ያመጣሁዎት እኔ አይደለሁም?»

«ነህ።» ሳቁ። «ኦኬ፣ ኦኬ። ከጥቂት ሰኞ በኋላ ሁለታችሁም ትወረውራላችሁ። ወንዜን የሚመጥነውን እወስዳለሁ።»

ባልንጀራዬ ክሩን እየሰበሰበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ተመልሶ ወደ ክሩ አጎነበሰ።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ፤ ዓሣ ወድጄ አይደለም። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ ወይ ተባርሬ ነው፣ ወይ ተልኬ ነው፣ ወይ ተራዬ ደርሶ ስሜ ተጠርቶ ነው። ሱዳን የገባሁት ሸሽቼ ነው፤ አሜሪካ የገባሁት ሌሎች ሰዎች ተመካክረውብኝ ነው። ኤርፖርት በቀን ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሻንጣ ይዤ። አንድ ሰው ተነስቶ፣ «ና፣ አብረን እንሂድ፣ ወንዜን ላሳይህ» ብሎኝ አያውቅም። እንግዳ ሆኜ፣ ተጋብዤ፣ አንዴ መሄድ ፈለግሁ። እና ያ ግብዣ በእኔ ታክሲ በኩል መጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሊያልፍ ነው።

የሽማግሌውን ትርፍ ዘንግ ባልንጀራዬ ለልምምድ ቤቱ ወስዶታል። ይውሰደው! እኔ ዘንግ ምን ያደርግልኛል? ሳየው እኮ ነው የገባኝ፤ እንጨት፣ ከጫፉ ረጅም ክር፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት። ጅራፍ ነው! በቡሄ ሰሞን ጉለሌ ውስጥ ከእኔ በላይ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ አልተወለደም። እኔ ሳጮህ የእንጦጦ ጅቦች መኝታ ይቀይራሉ፤ መርካቶ ያሉ ነጋዴዎች ዝናብ መጣ ብለው ዕቃ ያስገባሉ። ባልንጀራዬ ደግሞ በገዛ ጅራፉ የገዛ ጆሮውን የገረፈ ልጅ ነው። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ፀጉሩን ያሳደገው ለእሱ ነው።

ከእትዬ ጓሮ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታሁና በመጥረጊያ እንጨት ላይ አስሬ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለችው መተላለፊያ ልምምድ ጀመርኩ። መጀመሪያ እጄ ዝጎ ነበር። ከዚያ ድንገት፣ ጧ! ግድግዳውና ግድግዳው ተቀባበሉት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እትዬ ጭልፋ እንደያዙ ወጡ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው? ደንበኛው ተኩስ ነው ብሎ ጠረጴዛ ስር ገባብኝ እኮ!»

«ልምምድ ነው እትዬ።»

«የምን ልምምድ?»

«የዓሣ።»

«ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው በጥፊ የሚያዘው?» ገመዳቸውን አዩ። «ልብሴንስ ምን ላይ ነው የጣልከው? ምናለ ያን ጓደኛህን ብታይ! ዝም ብሎ መጥቶ፣ ዝም ብሎ በልቶ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።»

«ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ ነው እትዬ?»

«ጨዋም ባይሆን ጆሮ አያሳምምም!»

ቀኑ ደረሰ። እንዳጋጣሚ የቡሄ ሰሞን ነበር፤ ይህንንም የእግዜር ጥቅሻ አድርጌ ወሰድኩት። መናፈሻው ውስጥ ሽርሽር የመጡ ሰዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሥጋ ይጠብሳሉ። ሽማግሌው ለእያንዳንዳችን ክር ጫፍ ላይ ቀይ ላባ የታሰረባት፣ ስለቷ ተቆርጦ የደነዘ መንጠቆ አሰሩልን።

«እጅህ አይቸኩል» አሉኝ። «ክሩ ከኋላህ ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ወደ ፊት።»

ምን ያስተምሩኛል እሳቸው? እግሬን አንፈራጠጥኩ። ዘንጉን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ኋላ ወሰድኩት፤ ከዚያ የጉለሌን ክንድ ላክሁበት። ጧ! ዳክዬዎቹ በአንድ ጊዜ ተነስተው ሄዱ፤ ወደ ሜክሲኮ ድረስ የሄዱ ይመስለኛል። ሥጋ የሚጠብሱት ሰዎች ዞረው አጨበጨቡ። ደገምኩት። ጧ! አንዲት ሴትዮ አፏጨችልኝ። ክሩ ወደ ፊት እንደ ቀስት ይሄዳል፤ ኩሬው አልበቃኝ አለ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሽማግሌው ሳንድዊቻቸውን ያኝካሉ።

የባልንጀራዬ ተራ ሆነ። ዘንጉን ቀስ ብሎ ወደ ጎን አዞረው፤ ክሩ ከውኃው ላይ ተላጠ፤ ከኋላው እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፋ፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ። ድምፁ አንሶላ ሲታጠፍ እንደሚሰማው ነው። ማንም አላጨበጨበም። ሥጋ የሚጠብሱትም ከሥጋቸው ቀና አላሉም።

«አንተ፣ ዓሣውን ልትይዘው ነው ልታስተኛው?» አልኩት።

ፈገግ አለ።

«አሁን ክራችሁን ሰብስቡ» አሉ ሽማግሌው። «ጫፉን አምጡልኝ።»

የባልንጀራዬ ክር ጫፍ ላይ ቀይዋ ላባ ረጥባ ተቀምጣለች። የእኔ ክር ጫፍ ላይ ምንም የለም። ሽማግሌው በጣቶቻቸው መካከል አሳለፉት፣ ዓይናቸው ደቃቅ ነገር ስለማያይ በእጃቸው ነው የሚያዩት።

«መቼ ሄደች?»

«አሁን ልስብ ስል ትሆናለች ጋሼ።»

«አይደለም። በመጀመሪያው ጩኸት ነው። ክሩ እንዲያ ሲጮህ ጫፉ ይበጠሳል። ሰው ሲያጨበጭብልህ ባዶ ክር ነበር የምትወረውረው።»

ሌላ አሰሩልኝ። ያለ ድምፅ ወርውር አሉኝ። እጄ እንቢ አለ! ማልልን ብትሉኝ እምላለሁ፤ ልቤ «ቀስ» ይላል፣ ክንዴ አይሰማም። ያልጮኸ ጅራፍ እኛ ሰፈር ስድብ ነው፤ የማይጮህ ጅራፍ የያዘ ልጅ ሙልሙል ዳቦው ራሱ በሐዘኔታ ነው የሚሰጠው። ጧ! ሁለተኛዋም ሄደች።

«አንተን ከወሰድኩ» አሉ ሽማግሌው ወንበራቸውን እያጠፉ፣ «የስኮትላንድ ዶሮ ሁሉ ላባውን ጨርሶ ይበርደዋል።»

ሳቅን። ከሁሉም የበለጠ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ጥርስ ባዳ ነው፤ ያውም የእኔ ጥርስ፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ።

ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። የእኔ ታክሲ ሰፋ ያለች ስለሆነች ዘንጎቹን የምትችል እሷ ብቻ ናት ተባለ። ባልንጀራዬ ሽማግሌው የሰጡትን የሱፍ ቆብ ደፍቷል። አስቀያሚ ቆብ ነው፤ እንዴት እንዳማረበት!

«ምን ላምጣልህ?» አለኝ ሲወርድ።

«ዓሣ። እኔን የሚያህል።»

«አንተን የሚያህል ምን ይሆናል?»

«በል አፌን የሚያህል ይሁን።»

«እሱ ወንዝ ውስጥ አይገባም» አለና ሻንጣውን አነሳ። ቀልዱ የእኔ ዓይነት ቀልድ ነበር። ያንንም ወሰደብኝ ማለት ነው። የሽማግሌውን ክንድ ይዞ በበሩ ሲገባ፣ የትራፊክ ፖሊሱ እያፏጨብኝ ቆሜ አየሁ።

በሌሉበት ሰሞን ያሳለፍኩትን አልዘረዝርም። ዝናብ ባልነበረበት ሎስ አንጀለስ ውስጥ እዚያ ዝናብ ይሆን፣ ፀሐይ ይሆን እያልኩ ነዳሁ። ዓሣው እንዳይነክስለት ለገብርኤል ጃንጥላ ልሳል ቃጣኝና ተውኩት፤ መልአኩ፣ «ለምኑ ነው?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

ሲመለስ በቀጥታ እትዬ ዘንድ መጣ። ሻንጣውን አየሁ፣ እጁን አየሁ።

«ዓሣውስ?»

«የለም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ለቤቱ ሁሉ ጥብስ አዘዝኩ። እትዬ፣ «ምን ተገኘ?» ቢሉኝ፣ «ጓደኛዬ በሰላም ገባ!» አልኩ። ባልንጀራዬን አቅፌ ሳምኩት፤ እሱም በደስታዬ ደስ አለው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«አንድ ቀን ብቻ ነካኝ» አለ።

«ማን?»

«ዓሣው። ዝናብ ነበር። ጋሼ ክንዴን ይዘው ውኃው ውስጥ ቆመዋል። ክሩ ውኃው ላይ እየዞረ ሳለ ቆመ። ከዚያ ከበደ። ከዚያ ጥቂት ሄደና ለቀቀኝ።»

«ምን ያህላል? ጥጃ ያህላል?»

«አላየሁትም።»

«እሺ በግ ያህላል በላ!»

«አላየሁትም እኮ አልኩህ።»

«ጋሼስ ምን አሉ?»

«ሳቁ። ክንዴን ጨበጥ አድርገው ‹በቃ፣ አሁን አወቅኸው› አሉኝ።»

«ምኑን?»

ትከሻውን ሰበቀ። ፊቱ ከቁርባን እንደወጣ ሰው ፊት ነበር። ጥብሱ አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ። ዓሣ ይዞ ቢመጣ እኮ ቀላል ነበር፤ ራሱን ለእኔ፣ ወገቡን ለእሱ፣ ጭራውን ለእትዬ አድርገን ተካፍለን እንገላገል ነበር። ያመለጠ ዓሣ ግን እንዴት ብለው ይካፈሉታል? ሙሉው የእሱ ሆኖ ቀረ።

በዚህ መሐል ሌሎቹ የታክሲ ሾፌሮች ገቡና ከበቡት። «እህሳ! ወንዙ እንዴት ነበር?» «ጥሩ ነበር» አለ። በቃ! ሰዎቹ ጠበቁ፤ ሌላ የለም። ያን የመሰለ ነገር በሁለት ቃል ሲቀበር ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። ተነሳሁ። ዝናቡን አዘነብኩት፤ ወንዙን አባይን አሳከልኩት፤ ሽማግሌውን እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ከተትኳቸው። ዓሣው ሲነክስ ዘንጉ እንደ ቀስተ ደመና ጎበጠ፤ መነጨቅነው፤ ወደ ባሕሩ ሊወስደን ሲጎትት ጫማችን ከድንጋይ ጋር እሳት ፈጠረ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እትዬ ጭልፋቸውን ይዘው ከወጥ ቤት መጡ። ባልንጀራዬ ከሁሉም በላይ ሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ።

ሽማግሌው ወደ ወንዛቸው ዳግመኛ አልሄዱም፤ እግራቸው እንቢ አለ። ስለዚህ የእኔ ተራ የሚባል ነገር ሳይመጣ ቀረ። ታሪኩን ግን እኔ ነኝ የምናገረው። ቀስ በቀስ «እነሱ» የምትለው ቃል ወጥታ «እኛ» ገባች፤ «እኛ»ም ሲሰለቸኝ «እኔ» ሆነ። ዛሬ ፌርፋክስ ላይ ካለው ሐበሻ ግማሹ ስኮትላንድ የሄድኩት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል። ባልንጀራዬ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ቀን አርሞኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል። «ነከሰኝ! እኔም መነጨቅሁት!» ያልኩበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ጠረጴዛው ላይ ያረፈች የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ከእንጨቱ ትንሽ ብድግ ትላለች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ እኔ እሷን ነው የማይ።

አንድ ቀን መኪና ፓርክ አድርገን ተራ ስንጠብቅ ጠየቅሁት።

«እዚያ ላይ ጣትህን ለምን ታነሳለህ?»

«የቱ ጋ?»

«መነጨቅሁት ስል።»

ጣቱን አየ። ራሱም ያወቀው አልመሰለኝም።

«አይመነጨቅም» አለኝ። «ክሩን በጣትህ ነው የያዝከው። ሲነካህ ጣትህን ታነሳለታለህ። ይወስዳል።»

«ዝም ብዬ ልስጠው?»

«ዝም ብለህ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ እትዬ ዘንድ አዲስ ሰዎች ነበሩ። እስኪ ልሞክረው አልኩ። ዝናቡን አዘነብኩ፣ ወንዙን ሞላሁ፣ እና እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ነካኝ። ጣቴን አነሳሁለት። ወሰደ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ከእኔ ዞረው ባልንጀራዬን አዩት።

በማግስቱ ወደ መመንጨቁ ተመለስኩ።